ልጅን ብቻውን አለመተው፦ በጅቡቲ የመረዳዳት ታሪካችን



የኢዮቤልዩ በዓላችንን ምክንያት በማድረግ ይህ መጽሔት ሲዘጋጅ ኮሚቴው ለእኔ የሰጠኝ ርእስ «የመረዳዳት ታሪካችን» የሚል ነው። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ድሬዳዋ ተወልጄ 12ኛ ክፍልን እዚያው ጨርሼ በ1983 ዓ.ም. ወደዚህ ከተማ የመጣሁ፣ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሱቅ ከፍቼ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ባለሱቅ የመንደሩን ጓዳ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። የትኛው ቤት እንደሞላ፣ የትኛው ቤት እንደጎደለ የሚነግረው የዱቤ ደብተሩ ነው። ስለዚህ ከመጻሕፍት ያነበብኩትን፣ ከአባቶችና ከእናቶች የሰማሁትንና ደብተሬ ያሳየኝን አንድ ላይ አድርጌ አቅርቤአለሁ።

መረዳዳት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ለቅሶ፣ ድንኳንና ንፍሮ ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ስለ ልጆች ላነሣ እወዳለሁ። ቤት ሲናጋ አስቀድሞ የሚጎዳው ልጅ ነው፤ ጉዳቱም ወዲያው አይታይም። አጥንቱ አልተሰበረም፣ ደም አልፈሰሰውም፣ እንግዲህ ደኅና ነው እንላለን። ውስጡ የገባው ፍርሃት ግን አብሮት ያድጋል። ታሪካችንን መለስ ብዬ ስመለከት የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ልጅን የሚሰብረው የደረሰበት መከራ ብቻ አይደለም፤ በመከራው ውስጥ ብቻውን መቅረቱ ነው።

የባቡሩ ዘመንና ይዘነው የመጣነው ባህል

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያውያን ኑሮ በጅቡቲ ከባቡሩ ጋር የተሳሰረ ነው። ሐዲዱ ከዚህ ከተማ መዘርጋት የጀመረው በ1890 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ይህ መንገድ ዕቃ ብቻ አላመላለሰም። የሐዲድ ሠራተኛውን፣ ወዛደሩን፣ ነጋዴውን፣ እንጀራ ጋጋሪዋንና የቤት ሠራተኛዋን ሁሉ ወደዚህ ወደብ አምጥቷል። የእኔም አጎት የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እኔም የመጣሁት እሳቸውን ተከትዬ ነው።

ሰው ሲሰደድ ልብሱን ብቻ ይዞ አይወጣም፤ ባህሉንም ይዞ ይወጣል። ከአገር ቤት ዕድርና ዕቁብ መጡ። ሐረሮች አፎቻቸውን አመጡ። የኦሮሞ ወገኖቻችን ደግሞ የሰው ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ የማሳደግን ባህል፣ ጉዲፈቻን፣ አወቁት አሳወቁን። ዕድር በአገራችን ከተሞች እየተስፋፋ የሄደው በተለይ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ ነው። ከተሜው ከዘመድ አዝማዱ ርቆ ስለሚኖር «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚል ስጋት ነበረበት። በሰው አገር ያለን ሰዎች ዘንድ ደግሞ ይህ ስጋት እጥፍ ነው። ስለዚህ የዕድራችን ሳጥን የተከፈተው ለሞተ ሰው ነበር። ይህን የምለው አባቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ በዘመናቸው የጎደለውን ሞልተዋል። ነገር ግን ሳጥኑ ለሞተ እንጂ በቁሙ ለሚናጋ ቤት የተሠራ አለመሆኑን ልብ እንበል። በኋላ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

በዚህች ወደብ መንገድ ያለፉት አርባ ልጆች

ከመቶ ዓመት በፊት የሆነ አንድ ታሪክ ለጉዳያችን ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ አዩ። ልጆቹ በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርክ ግዛት በአርመኖች ላይ ከተፈጸመው እልቂት የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪም ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው 40 የሚሆኑትን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት ተስማሙ። የዚያን ዘመን ጉዞ በባሕር እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ደግሞ በባቡር ነበር። ልጆቹ አዲስ አበባ የገቡት በዚያው ዓመት ጳጉሜን 1 ቀን ነው። በታሪክም እስከ ዛሬ «አርባ ልጆች» እየተባሉ ይጠራሉ።

ሙዚቃቸው ብዙ ጊዜ ስለሚነገርለት አልደግመውም። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ያገለገለውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። እነዚያን ልጆች አንዱን ወደ አንዱ ቤት፣ ሌላውን ወደ ሌላ አገር አልበተኗቸውም። አንድ ላይ መጡ፣ አንድ ላይ ተማሩ፣ አንድ ላይ ሠሩ። ቋንቋቸውን የሚያውቅ መምህር አብሯቸው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቀድሞ የሠፈረ የአርመን ማኅበረሰብም ነበረና ወገን አላጡም። ወላጆቻቸውን ማንም ሊመልስላቸው አይችልም ነበር። ሆኖም ወዳጅ፣ ቋንቋ፣ የዕለት ሥራና የሚጠራቸው ታላቅ ሰው አላጡም። ያኔ «የሥነ ልቦና ድጋፍ» የሚል ቃል በአፋችን አልነበረም፤ ነገሩ ግን ተደርጓል።

ስደት በመጣ ቁጥር

ከዚያ ወዲህ ከተማችን በየዘመኑ ስደተኛ ተቀብላለች። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነቤተሰባቸው በባቡር ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ጅቡቲ መጡ፤ ሚያዝያ 26 ቀን በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወጡ። ንጉሥም ቢሆን ልጆቹን ይዞ የሚሰደድበት ቀን እንዳለ ይህ ከተማ አይቷል።

ጅቡቲ ነፃነቷን ያገኘችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወቅት የኦጋዴን ጦርነት ተነሥቶ ባቡሩም ተቋረጠ። አዲሲቱ አገር ገና በእግሯ ሳትቆም በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞችን አስተናገደች። ዲኪልና አሊ ሳቢህ በተቋቋሙት ካምፖች ከ30,000 በላይ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከ1976 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮም በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን አማካይነት ብዙዎቹ ወደ ድሬዳዋ እንዲመለሱ ተደረገ። እኔ ያኔ ድሬዳዋ የትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ። ከተመላሾቹ አንዳንዶቹ ልጆች ከእኛ ጋር ክፍል ገቡ። ከመካከላቸው አንዱ በር በተዘጋ ቁጥር የሚደነግጥ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ሆን ብለን በሩን እያጋጨን እንስቅበት ነበር። ምን እንዳየ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ኀፍረት ይሰማኛል።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ድንበር ተሻግረው ጅቡቲ ገቡ። ከአሰብ ወደብ የወጡት የባሕር ኃይል መርከቦች አንዳንዶቹ እዚህ መጠጊያ አገኙ። እኔ የደረስኩት በዚያው ክረምት ነው። የጅቡቲን ክረምት ለምታውቁት ሙቀቱን መግለጽ አያስፈልገኝም። ሰው ሁሉ ማታ ማታ ውጭ ይተኛ ነበር። ያኔ ያየሁት ነገር፣ አንድ ማዕድ ላይ የሦስት ቤት ልጆች ሲበሉ ነው። ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። የካርቲዬ እናቶች ጽሕፈት ቤትም ማኅተምም አልነበራቸውም፤ ያላቸው የቡና ረከቦት ነበር። በዚያ ረከቦት ዙሪያ የማን ባል እንደጠፋ፣ የማን ልጅ እንደታመመ፣ ማን ኪራይ እንዳቃተው ይሰማል። ከተሰማ ደግሞ ይደረሳል።

በ1995 ዓ.ም. ክረምት ያልጠየቅሁት ጥያቄ

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በግንቦት 1990 ዓ.ም. ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ወደብ ስለዞረ ከተማዋ በሾፌር፣ በትራንዚተርና በቀን ሠራተኛ ተሞላች። ብዙዎቹ ወረቀት አልነበራቸውም። በ1995 ዓ.ም. ክረምት መንግሥት ሕጋዊ ሰነድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች እስከ ነሐሴ መጨረሻ አገሪቱን ለቀው እንዲወጡ አወጀ፤ ቀነ ገደቡም በኋላ ወደ መስከረም መጀመሪያ ተራዘመ። ከ80,000 በላይ ሰዎች እንደወጡ በጊዜው ተዘግቧል። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ደግሞ ጥገኝነት ለመጠየቅ አውር አውሳ በተባለው ቦታ ሠፈሩ። ማንኛውም አገር ሕጉን የማስከበር መብት አለው፤ እዚህ የምጽፈው ስለ ሕጉ ሳይሆን ስለ ራሳችን፣ በተለይም ስለ እኔ ነው።

በዚያ ሰሞን እንጀራ እየጋገረች የምታድር አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። የ8 ዓመት ልጅና የ3 ዓመት ሴት ልጅ ነበሯት። አንድ ጠዋት ልጁ መጥቶ «ጋሼ፣ እማዬ ዳቦ ስጠው ብላለች፤ ጻፍባት» አለኝ። ሰጠሁት፤ ጻፍኩ። በማግስቱም እንዲሁ። «እናትህስ?» ስለው «ተኝታለች» አለ። በሦስተኛው ቀን ዳቦና ስኳር ወሰደ፤ ያንንም ጻፍኩ። ሱቁ በዚያ ሰሞን በሚሄዱ ሰዎች ተጨናንቆ ነበር። ሰው ዕዳውን እየከፈለ ይሰናበታል፣ ሌላው ሳይከፍል ይጠፋል፤ እኔ ደግሞ ሒሳቤን አስብ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሁላችንም እማማ የምንላቸው የሐረር እናት ሱቁ በር ላይ ቆመው ልጁን አዩት። «አንተ ልጅ፣ ያ ሸሚዝ ከመቼ ወዲህ ነው አካልህ ላይ ያለው?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። እጁን ይዘው ወደ ቤቱ ሄዱ። እናቲቱ ወረቀት ላሠራ ብላ ከወጣች አራተኛ ቀኗ ነበር፤ ከሌሎች ጋር ድንበር ተሻግራ ኖሯል። ልጁ ታናሽ እህቱን ቤት ውስጥ ቆልፎባት እየወጣ፣ ዳቦውን በስኳር ውኃ እየነከረ ሲያበላት ሰነበተ። ለማንም ያልተናገረው ከተናገረ እነሱንም ወስደው የሚለያዩአቸው ስለመሰለው ነው።

እኔ ሦስት ቀን ዱቤ ጻፍኩ እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ ወጥቼ በር አላንኳኳሁም። ቤታቸው ከሱቄ 50 እርምጃ ቢሆን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሴቶቹ ያደረጉትን ልብ በሉልኝ። ልጆቹን ወደ ሌላ ሰው ቤት አልወሰዷቸውም። እማማ ምንጣፋቸውን ይዘው መጡና እዚያው የልጆቹ ቤት ደጃፍ ላይ ይተኙ ጀመር። ሌሎቹ እናቶች ምግብ በተራ ያመጡ ነበር። ልጁን አልዋሹትም፤ «እናትህ አገር ቤት ናት፣ በሕይወት አለች፣ እያስፈለግናት ነው» አሉት። ወደ ድሬዳዋ በሚወርዱ ሾፌሮች አፍ ለአፍ መልእክት ተላከ። እናቲቱ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተገኘች፤ ልጆቹም ከሰው ጋር ሆነው ሄዱላት። እስኪሄዱ ድረስ ልጁ ትራሱ ሥር ቁራሽ ዳቦ ሳይደብቅ አይተኛም ነበር።

ያ ልጅ ዛሬ ሾፌር ሆኗል። ከጥቂት ዓመታት በፊት መኪናውን ፔካ ዱዝ አቁሞ ሱቄ ድረስ መጣ። ራሱን ባያስታውቀኝ አላውቀውም ነበር። እኔም በልቤ «ዳቦዬን አልረሳውም» ብዬ ነበር። እሱ ግን «እውነቱን ልንገርህ ጋሼ፣ ዳቦውን አላስታውሰውም። የማስታውሰው በሩ ላይ የተኙትን እማማን ነው። ሌሊት ስነቃ ሲያስሉ እሰማና ተመልሼ እተኛለሁ» አለኝ። በሕይወት እንዳሉ ጠየቀኝ። አርፈው ነበር፤ ነገርኩት። መቃብራቸውን አሳየሁት።

ሊቃውንት የደረሱበት

እማማ ያደረጉትን ነገር በሌላው ዓለም ሊቃውንት በጥናት ደርሰውበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን በቦምብ ስትደበደብ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም የተባሉ ሁለት ሴቶች በሃምፕስቴድ ለሕፃናት ማቆያ ቤቶች ከፍተው ነበር። ያስተዋሉትም ይህ ነው፦ ከእናታቸው ወይም ከሚያውቁት ሰው ጋር ሆነው ቦምቡን ያሳለፉ ልጆች ይልቅ፣ ለደኅንነታቸው ተብሎ ከእናታቸው የተለዩት በብርቱ ይረበሹ ነበር። ስለዚህም ልጆቹን በትንንሽ ቡድን ከፍለው ለእያንዳንዱ ቡድን እንደ እናት የምትሆን አንዲት ተንከባካቢ መደቡ። ልጆቹም ይህችን «የራሴ» የሚሏትን ሴት ካገኙ በኋላ መለወጥ ጀመሩ።

በሃዋይ ደሴቶች በምትገኘው በካዋይ ደግሞ ኤሚ ዎርነር የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርተ ዓመታት ተከታትለዋል። በድህነትና በተናጋ ቤት ካደጉት መካከል ሲሶ ያህሉ ጤናማና ብቁ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ከሌሎቹ የለዩአቸው ነገሮች በርካታ ቢሆኑም አንዱ ጎልቶ ወጥቷል፤ እያንዳንዳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ቢያንስ አንድ የማይለወጥባቸው ሰው ነበራቸው። አያት ሊሆን ይችላል፤ አክስት፣ ጎረቤት ወይም አስተማሪም ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሐኪሙ ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ የልጅነት ጉዳትን ዋጋ አሳይቷል። በልጅነታቸው ድብደባና የቤት መናጋት የተደራረበባቸው ሰዎች ካደጉ በኋላ ለድብርት፣ ለመጠጥ ሱሰኝነት፣ ለልብ ሕመምና ለሌሎችም በሽታዎች የመጋለጣቸው ዕድል ከሌላው እጅግ የበዛ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት የተጎዳ ሁሉ ይጠፋል ማለት አይደለም። ቀድሞ የደረሰለት ሰው ካለ ልጅ ይድናል። «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» የምንለው አነጋገር ግን ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም።

ከራሳችን ወገን ደግሞ የክብር ዶክተር አበበች ጎበናን ማንሣት ይገባል። በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ በወሎ በረሃብ የወደቁ ሰዎችን አይተው ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ 21 ልጆች በዙሪያቸው ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ 27 ቀን እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ድርጅታቸው ልጆችን ማሳደግ ብቻ ሳይሆን፣ ድሆች እናቶች ሙያ ተምረውና ገቢ አግኝተው ልጆቻቸውን በቤታቸው እንዲያሳድጉ መርዳትንም ሥራው አድርጎት ነበር። ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ወላጅ ያጣን ልጅ ማሳደግ ጽድቅ ነው፤ ልጅ ወላጁን እንዳያጣ ቤቱን ቀድሞ መደገፍ ደግሞ የበለጠ ሥራ ነው።

ዕድር በቁም ላለ ሰው

አሁን ወደ ዕድራችን ሳጥን ልመለስ። ይህ ጉዳይ በስብሰባችን ሲነሣ አንዳንድ አባቶች «ዕድር ለቀብር ነው፤ በቁሙ ለተቸገረ ሁሉ ከከፈልን ሳጥኑ ይራቆታል» ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ገንዘቡ የአባላት ነው፤ ሞትም ቀጠሮ አይሰጥም።

ነገር ግን የአዲስ አበባ ዕድሮችን ታሪክ እንመልከት። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤች አይ ቪ ኤድስ ብዙ ወላጆችን ሲወስድ ዕድሮች በየሳምንቱ ድንኳን መትከል ሆነ ሥራቸው። ቀብሩ ካለቀ በኋላ ባዶ ቤት የቀሩ ልጆችን ማየት ስለከበዳቸው ብዙዎቹ መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው ለወላጅ አልባ ልጆችና ለታመሙ ሰዎች ድጋፍ ማድረግ ጀመሩ። ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አዲስ ፈሊጥ አይደለም፤ ከእኛ በፊት ተሞክሯል።

እኛም ብንሆን ሞክረነዋል። በ1996 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን የአምቡሊ ደረቅ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሲሞቱና ብዙ ቤት ሲፈርስ፣ አንሶላና ድስት ይዘን የወጣነው ስለ ደንብ ሳንጨነቅ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጥቶ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ ከተማው ሲዘጋ የቀን ሠራተኛው፣ የሻይ ቤቱና የቤት ሠራተኛዋ ገቢ በአንድ ቀን ቆመ። ያን ጊዜ ከሳጥናችን የቤት ኪራይ ከፍለናል፤ በየሱቁም አስቤዛ አስወጥተናል። በዚያ ዘመን ከሰፈራችን ኪራይ አጥታ ልጇን ለሰው ሰጥታ የሄደች እናት አላውቅም። ሳጥኑም አልተራቆተም። ወረርሽኙ ሲያልፍ ግን ወደ ቀብሩ ብቻ ተመለስን። በአደጋ ጊዜ ያደረግነውን ደንብ አላደረግነውም።

ደብተሩ የሚናገራቸው ምልክቶች

ታዲያ ቤት ሊናጋ ሲል በምን ይታወቃል? ሌላው የራሱን ይናገር፤ እኔ የሱቄን እነግራችኋለሁ። ዘይት በሊትር ይገዛ የነበረ ቤት በብርጭቆ መግዛት ሲጀምር፤ በወር መጀመሪያ ዱቤውን የሚዘጋ ሰው ሁለት ወር ሲያሳልፍ፤ እናት ቀርታ ልጅ ብቻ ሲላክ፤ ልጁም በትምህርት ሰዓት ሲመጣ፤ ጨዋታ የሚወድ ልጅ ዝም ሲል፤ በነዚህ ጊዜ አንድ ነገር አለ። እነዚህን አንድ በአንድ ስናያቸው ምንም አይደሉም፤ ሁለት ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን በር ማንኳኳት ያስፈልጋል።

በበኩሌ ለጠቅላላ ጉባኤያችን የማቀርበው አሳብ እነሆ።

አንደኛ፣ ከወር መዋጮአችን የተወሰነው እጅ ተለይቶ በቁም ላሉ ቤተሰቦች ይቀመጥ። መጀመሪያ የሚከፈለውም የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ይሁን። ቤትና ትምህርት ቤት ያልተለወጠበት ልጅ መከራውን ይችለዋል።

ሁለተኛ፣ በየካርቲዬው ሁለት ሁለት እናቶች ይመረጡ። ባለሱቆች፣ አስተማሪዎችና ሾፌሮች ያየነውን ለእነሱ እንንገር። ነገሩ ከእነሱ አይውጣ፤ የሰው ገመና በስብሰባ አይነበብ። ብዙ ቤት የሚፈርሰው ችግሩን ከመናገር ይልቅ ኀፍረቱን ስለሚፈራ ነው።

ሦስተኛ፣ እናት ስትታመም፣ ስትታሰር ወይም ስትሄድ ልጆቿ አይለያዩ። በተቻለ መጠን ሰው ወደ ልጆቹ ይሂድ እንጂ ልጆቹ ከሰው ሰው አይዙሩ። የሆነውንም በሚገባቸው ቃል ይነገራቸው። እውነት የተነገረው ልጅ ያለቅሳል፤ የተዋሸ ልጅ ግን ሁልጊዜ በር በሩን ያያል።

አራተኛ፣ ከአቅማችን በላይ የሆነውን ለሚያውቁት እናድርስ። ሌሊት የሚጮኽ፣ የማይበላ፣ አንደበቱ የተዘጋ ልጅ ሐኪም ማየት አለበት። ጸሎትም ዱዓም መልካም ነው፤ ከሐኪም ጋር አይጣሉም።

በመንገድ ላይ ያሉት

ጽሑፌን ከመዝጋቴ በፊት የማኅበራችን አባል ያልሆኑትን ልጆች ሳላነሣ ብቀር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌና ከሌላውም አካባቢ ተነሥተው በእግራቸው ወደ ኦቦክ የሚጓዙ፣ ከዚያም ወደ የመን የሚሻገሩ ወገኖቻችን መካከል ገና ጢም ያላወጡ ልጆች አሉ። በ2016 ዓ.ም. ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ በሁለት ሳምንት ልዩነት ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ ሰጥመው ቢያንስ 60 ሰው አልቋል፤ ከሟቾቹ መካከል ሕፃናትም ነበሩ። ጎዳና ላይ የሚያድሩትን ልጆች ካሪታስ በቀን የሚያርፉበት ቤት ከፍቶ ሲረዳ ቆይቷል። ኦቦክም የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ማዕከል አለ። እኛ የእነሱን ሥራ መሥራት አንችልም። ሆኖም ልጁ የሚናገረውን ቋንቋ የምናውቀው እኛ ነን። አንድ ልጅ ሱቅህ በር ላይ ቢቆም በቋንቋው «ከየት ነህ? ማን አለህ?» ብሎ መጠየቅና ወደሚረዱት ማድረስ ብር አይጠይቅም።

ከመቶ ዓመት በላይ እንግዳ ሆነን ተቀብሎ ያኖረንን የጅቡቲን ሕዝብ ከልብ እናመሰግናለን። በበረሃ አገር ለመጣ ሁሉ ውኃ የሚሰጥ ሕዝብ ነው፤ እኛም ከእሱ ተምረናል።

ያን የ1995 ዓ.ም. ደብተሬን አልጣልኩትም። ሦስቱ የዳቦ ዱቤዎች እስከ ዛሬ ተጽፈው አሉ፤ አልተሰረዙም። ዕዳው የልጁ አይደለም፤ የእኔ ነው። በሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ይህን ርእስ የሚጽፈው ሰው ስለ ቀብር ድንኳናችን ብቻ ሳይሆን፣ ሳይፈርሱ ስለቀሩ ቤቶችም እንዲጽፍ ምኞቴ ነው።

ፈጣሪ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። መልካም የኢዮቤልዩ በዓል።